ወረቀቱ እውነተኛ ነው፤ ከዚያስ?

(በምሩቃን ማኅበራችን የአምቦ መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)



 የአምቦን ጠርሙስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ደግሞ አገሩን አያችሁት። ነገ ጠዋት ወንጪ የምትወጡ ጃኬት ያዙ። አምቦ ሞቃለች ብሎ በሸሚዝ የወጣ ሰው ማታ ሲያስለው እኔ ጋ እንዳይመጣ፤ ከወዲሁ ተናግሬአለሁ።

ኮሚቴው መጀመሪያ የሰጠኝ ርዕስ የደም ግፊት ነበር፤ ስላይዱንም ሠርቼ ጨርሼ ነበር። የተቀየረው አምና እራት ላይ በተነሳው ክርክር ምክንያት ነው። ለነበራችሁ ላስታውስ፣ ላልነበራችሁ ልንገር። አንዱ ጓደኛችን፣ ከውጭ የመጣው ቀዶ ሐኪም፣ ስልኩን አውጥቶ የአሜሪካ መከላከያ ያስጠናቸውን ጽሑፎች ማሳየት ጀመረ። ከብርሃን ስለሚፈጥን ጉዞ፣ ስለ ስበት፣ ሰውነት ላይ ስለሚደርስ የጨረር ጉዳት። «ይሄ ሁሉ በይፋ ከወጣ ያልወጣው ምን ሊሆን ነው? ከእኛ የተደበቀ የጠፈር ፕሮግራም አለ» አለ። ሌላው ደግሞ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪሙ፣ «ወሬ ነው» ብሎ ዘጋው። ተዘግቶ ቀረ እንዳትሉ፤ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተጨቃጨቁ። እኔ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ለምን ዝም እንዳልኩ በማግስቱ ለአንዲት ጓደኛዬ ነገርኳት። እሷ ለካ የኮሚቴ አባል ኖራለች።

ዝም ያልኩት «ወሬ ነው» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ስላሳፈረኝ ነው። አንዱ አባቴ ላይ፣ ሁለተኛው አንዲት በሽተኛዬ ላይ። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ በእኛ ስጠራ እናገራለሁ።

አባዬ ወታደር ነበር። ከዚህ ከአምቦ ወጣ ካለ ገጠር ተቀጥሮ አስመራ፣ ሁለተኛ ክፍለ ጦር ደረሰው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ነበር። ልጆች ሳለን ማታ ማታ በኦሮምኛ የሚያወራልን አንድ ታሪክ ነበረው። አስመራ፣ አሜሪካኖቹ ጋ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚበልጥ ሰሃን አለ። ሰሃኑ አንዳንድ ሌሊት ጨረቃን ይከተላል። ስትወጣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይጠብቃታል፣ አብሯት ቀና ይላል፣ ስትጠልቅ አብሯት ያዘቀዝቃል። ሩሲያ ጨረቃ ላይ ጋሪ አላት፤ አሜሪካኖቹ ጋሪው የሚናገረውን ይሰማሉ። እኛ ታዲያ በሳቅ ነበር የምንሞተው። አምቦ ላይ ያደገ ልጅ ጋሪ ያውቃል። «አባዬ፣ ፈረሱስ እዚያ ምን ይበላል?» እንለዋለን። አይቆጣም። ግን አንድ ልማድ ነበረው፣ ያኔ ልብ ያላልኩት። «ሰሃኑ ሲዞር በዓይኔ አይቻለሁ፤ የጋሪውን ነገር ግን የነገረኝ እዚያ ወጥ ቤት የሚሠራ ሰው ነው» ይላል። ባወራ ቁጥር ሁለቱን ይለያቸዋል።

ሊያርፍ ሁለት ዓመት ሲቀረው ስትሮክ መታው። አስተኛነው። በሦስተኛው ሌሊት ይቃዥ ጀመር፤ የሞቱ ጓደኞቹን ይጠራል፣ ተራውን ለማስረከብ ይነሳል። ተረኛው ሐኪም ታሪክ ሲወስድ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ልጅም ሐኪምም ስለሆንኩ ማንም ሌላ አልጠየቀም። «ስለ ጨረቃና ስለ ጋሪም ያወራል፣ ዴሉዥን ነው» አልኩ። ካርዱ ላይ ተጻፈ። ሃሎፔሪዶል ተጀመረ። እናንተ የምታውቁት ነው፣ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ጭንቅላት ላይ። ደረቀ፤ ለዘጠኝ ቀን አንድ ቃል አልተናገረም። መድኃኒቱ ሲቆም ተመለሰ፣ የድሮው አባዬ ግን ሆኖ አልተመለሰም። ግማሹ በእርግጥ ቅዠት ነበር። ግማሹ ግን ለሠላሳ ዓመት ሲነግረን የኖረው ታሪክ ነው። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃኝ ነበር፤ አልጠየቅኩትም።

ካረፈ በኋላ ነው ውጭ ያለ የክፍል ጓደኛችን፣ ታሪኩን ከእኔ የሰማ፣ አንድ ጽሑፍ የላከልኝ። የአሜሪካ የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ለራሱ ሠራተኞች የጻፈው፣ ኋላ ከምስጢርነት የወጣ። ስለ አስመራ ነው።

አስመራ ላይ ቃኘው ጣቢያ የሚባል የአሜሪካ ጦር የሬዲዮ ጣቢያ እንደነበረ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። አሜሪካኖቹ የጣሊያን ባሕር ኃይል የሬዲዮ ጣቢያ የነበረውን በ1943 ያዙ፤ በ1953 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር የ25 ዓመት ውል ተፈራረሙ። ስሙ ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ የተወሰደ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ፣ ለሬዲዮ የተመቸ። እዚያው ላይ ከ1965 እስከ 1975 «ስቶንሃውስ» የሚባል ሥራ ይሠራ ነበር፤ የድንጋይ ቤት ማለት ነው። ሁለት ትልልቅ ሰሃኖች ነበሩት። ትንሹ 85 ጫማ፣ ማለትም 26 ሜትር ገደማ ስፋት፣ ትልቁ 150 ጫማ፣ 46 ሜትር ገደማ። ሥራቸው ሶቪየት ኅብረት ወደ ጨረቃና ወደ ፕላኔቶች የምትልካቸው መንኮራኩሮች ወደ ምድር የሚልኩትን መልእክት መጥለፍ ነበር።

ለምን አስመራ? ሶቪየቶች ከሩቅ መንኮራኩሮቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት ዋናው ጣቢያ ክራይሚያ ነበር። መንኮራኩሩ የሚናገረው ክራይሚያ ስታየው ነው። ክራይሚያና አስመራ ደግሞ በምሥራቅ ኬንትሮስ ያላቸው ልዩነት 6 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ክራይሚያ ላይ የወጣች ጨረቃ አስመራም ላይ ወጥታለች። ስለዚህ ለክራይሚያ የተነገረውን አስመራ ቁጭ ብሎ መስማት ይቻላል። ጋሪውም ነበረ። ሉኖኾድ 1 ይባላል፣ ስምንት ጎማ አለው፣ ኅዳር 17 ቀን 1970 ጨረቃ ላይ አረፈ። ፈረስ የለውም።

ጽሑፉን ያነበብኩት ሌሊት ላይ ነበር። ስለ ሌሊቱ ሌላ አልናገርም።

አሁን «ያጋልጣሉ» የሚለው ወገን ሊያጨበጭብ ይችላል። ቆዩ። ይህን ምስጢር ያወጣው ምንድን ነው? በዘመኑ በይፋ የታተመ የምርምር ጽሑፍ አይደለም። በይፋ ቃኘው የመገናኛ ጣቢያ ነው ይባል ነበር፣ እሱም እውነት ነው፤ መገናኛም ነበር። ያወጣው ባለቤቱ ነው፣ ራሱ፣ በራሱ ጊዜ፣ ነገሩ ካረጀ በኋላ።

ሌሎቹን ሳይ ይኸው ነገር ተደጋገመብኝ። ሰኔ 22 ቀን 1960 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የፀሐይን ጨረር የምትለካ ትንሽ ሳተላይት አመጠቀ። በእርግጥም ለካች፣ ውጤቱም ታተመ፣ ሳይንቲስቶች ተጠቀሙበት። እዚያው ሆድዋ ውስጥ ግን የሶቪየትን የአየር መከላከያ ራዳሮች የምታዳምጥ ሌላ መሣሪያ ነበረች፤ ይህ የተነገረው በ1998 ነው። ዲስከቨረር የተባሉትን ደግሞ እኛ ሐኪሞች ልናውቃቸው ይገባል። ለሕዝብ የተነገረው የሳይንስ ፕሮግራም ናቸው፣ የሕይወት ሳይንስም አለበት ተብሎ ነው። ሦስተኛው ላይ አራት ጥቁር አይጦች ተጭነው ነበር፤ ምድርን ሳይዞሩ ቀሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። በነሐሴ 1960 ግን አሥራ አራተኛው የላከው ዕቃ አየር ላይ እያለ በአውሮፕላን ተጠለፈ፤ ውስጡ የሶቪየት ምድር ፎቶ ፊልም ነበር። ትክክለኛ ስሙ ኮሮና ነው፤ ኮቪድ ሳይመጣ በፊት ማለቴ ነው። በ1995 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በሰጡት ትእዛዝ ከ800 ሺህ በላይ ፎቶ ተከፈተ። ሰው ይዞ ሊወጣ የነበረው ወታደራዊ ላቦራቶሪም እንዲሁ ነው። በታኅሣሥ 1963 በአደባባይ ተነገረለት፣ የሰው ልጅ በጠፈር ለጦር ምን ይጠቅማል የሚለውን ያጠናል ተባለ፣ በ1969 ተሰረዘ። ሊይዝ የነበረው ግዙፍ የስለላ ካሜራ ሰነድ በብዛት የወጣው በ2015 ነው።

እንግዲህ የተደበቀ የጠፈር ሥራ ነበረ ወይ? ነበረ። አንዱ እዚህ፣ በያኔው ኢትዮጵያ ምድር ላይ፣ አንድ የአምቦ ወታደር እያየው። በይፋ የወጣው ጽሑፍስ ውሸት ነበር? አልነበረም። የፀሐይዋ ሳተላይት ጽሑፍ ስለ ፀሐይ የሚለው ሁሉ ልክ ነው። ስለ ራዳሩ ግን ያን ጽሑፍ መቶ ጊዜ ብታነቡት አንድ ቃል አታገኙበትም። እውነት የሆነ ወረቀት ከኋላው ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ያን ሌላ ነገር ከወረቀቱ ውስጥ ማውጣት ግን አይቻልም።

እኛው ሙያ ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው አለ። ሪላፕሲንግ ፊቨርን፣ ግርሻ የምንለውን፣ ስንማር ቅማሉን፣ ቴትራሳይክሊኑን፣ ከመርፌው በኋላ የሚመጣውን የያሪሽ-ኸርክስሃይመር ሪአክሽን አስታውሱ፤ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ኢንተርኑ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተጻፉት ጥሩ ጥሩ ጽሑፎች ከፊሎቹ ላይ የደራሲውን አድራሻ ብታዩ «የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ቁጥር 5፣ አዲስ አበባ» ይላል። ባሕር የሌለው አዲስ አበባ ምን ይሠራል? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ተራ ነው። ቅማል፣ ታይፈስ፣ ወባ፣ ግርሻ ከጥይት በላይ ሠራዊት ይጨርሳሉ፤ ሠራዊት ያለው መንግሥት ያጠናቸዋል። በሚያዝያ 1977 ደርግ እንዲዘጉ ካዘዛቸው የአሜሪካ ተቋማት ውስጥ ቃኘውና ይህ የምርምር ክፍል ጎን ለጎን ነበሩ። ሁለቱም ወታደራዊ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ትእዛዝ። አንዱ ከኋላው የጨረቃ ጆሮ ነበረው፣ ከሌላው የተረፈን ዛሬም ዋርድ ውስጥ የምንጠቀምበት እውቀት ነው። «የጦር ነው» የሚለው ማኅተም ብቻውን ሁለቱን አይለይላችሁም።

ሁለተኛው ኀፍረቴ ይኸውላችሁ። የልጅቷን ማንነት እንዳይታወቅ አድርጌ ነው የማወራው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከምዕራብ ሸዋ አንዲት ትንሽ ከተማ የመጣች ወጣት መምህርት የሚጥል በሽታ ነበራት፤ ፌኖባርቢታል ላይ ነበረች፣ በደንብ ይዞላት ነበር። የሚያመጣት ወንድሟ ነው። የምህንድስና ተማሪ፣ ጨዋ፣ ቀጠሮ የማያሳልፍ። አንድ ቀን እሷን ውጭ አስቀምጦ ብቻውን ገባ። ስልኩ ላይ አንድ ጽሑፍ ከፈተልኝ። አምና ጓደኛችን እራት ላይ ካሳየን ውስጥ አንዱ፣ በመስክና በጨረር ምክንያት የሰው አካል ላይ ስለሚደርስ ያልተለመደ ጉዳት የሚያወራው። ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። እህቱን መጀመሪያ የጣላት በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ የኢትዮጵያ ሳተላይት በመጠቀች በሳምንቱ ነው። ጽሑፉ ደግሞ ጨረር አእምሮን ይነካል ይላል። ስለዚህ ከላይ የሚመጣ ነገር ካለ ፌኖው ምን ያደርጋል?

ተመላላሽ ክፍል ደጃፍ ላይ አርባ ሰው ቆሟል። «ዶክተር፣ ይሄ የአሜሪካ መከላከያ ጽሑፍ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ስልኩን እንኳ አልተቀበልኩትም። «የኢንተርኔት ወሬ ነው፣ ተወው፣ መድኃኒቷን ስጣት» አልኩት።

ቤቱ ሄዶ አጣራ። ጽሑፉ የአሜሪካ መከላከያ የስለላ ኤጀንሲ ያሠራው ነው፣ በመረጃ ነጻነት ሕግ ተጠይቆ ራሱ ኤጀንሲው ያወጣው። ያልኩት ውሸት ሆነ ማለት ነው። ታዲያ ዶክተሯ ስለ ወረቀቱ ከዋሸች ስለ መድኃኒቱስ? ፌኖው ቆመ። ከሁለት ወር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ምሽት ላይ ምድጃው አጠገብ ጣላት። ቀኝ እጇ እሳቱ ውስጥ ነበር። ነፍሷ ተርፏል። ጠመኔ የምትይዝበት እጅ ግን ሁለቱ ጣቶች ዛሬም አይታጠፉም።

ወንድሟ ሞኝ አልነበረም፤ ይህን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ከእኔ የተሻለ ሥራ ሠርቷል፤ ምንጩን አጣርቷል። የተሳሳተው ቀጥሎ ባለው ደረጃ ላይ ነው። ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑን ሲያረጋግጥ የሚለውም ሁሉ እውነት፣ እሱ የጠረጠረውም እውነት መስሎት አለፈ። ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ወረቀቱን በእርግጥ እነሱ ጻፉት ወይ? የጻፉት ነገር ትክክል ነው ወይ? ከዚያስ አንተ የምትለው ነገር ይከተላል ወይ? እሱ አንደኛውን መልሶ ሦስቱንም የመለሰ መሰለው። እኔ ደግሞ ሦስተኛው ስህተት መሆኑን አውቄ አንደኛውን ካድኩ። የማን ይብሳል? የእኔ ይብሳል፤ እኔ ደመወዝ ይከፈለኛል።

እጇ ከዳነ በኋላ ሁለታችን ቁጭ ብለን አነበብነው። ስለ ጽሑፎቹ ያወቅኩትን ልንገራችሁ፣ የአምናውም ክርክር ስለ እነሱ ነውና። በቁጥር 38 ናቸው። የአሜሪካ ኮንግረስ ከ2008 ጀምሮ 22 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሰጠው ፕሮግራም፣ ኤጀንሲው አንድ የግል ኩባንያ ቀጥሮ፣ ኩባንያው ደግሞ ለተለያዩ ሰዎች አስጽፎ የመጡ ናቸው። የርዕሳቸው ዝርዝር በጥር 2019 ወጣ። አንዱ ከብርሃን ፍጥነት በላይ ስለመጓዝ ነው፣ አንዱ በጠፈር ውስጥ ስለሚያቋርጥ ቀዳዳ፣ አንዱ ነገሮችን እንዳይታዩ ስለመሸፈን። የሕክምናውን የጻፈው ሐኪም ነው። ቀኑ መጋቢት 2010 ነው። ሽፋኑ ላይ ምን ይላል መሰላችሁ? ምስጢር አይደለም፣ ለቢሮ አገልግሎት ብቻ። የኤጀንሲው ምስጢር ካዝና ውስጥ የነበረ ነገር አይደለም።

ከዚያ እኛ ሁላችን በጆርናል ክለብ እንደተማርነው አነበብነው። የተመረመሩት ሰዎች እነማን ናቸው? የንጽጽር ቡድን አለ ወይ? አዲስ መለኪያ አለ ወይስ የሌላ ሰው ጽሑፍ ክለሳ ነው? ስለ ማይክሮዌቭ ቃጠሎ የሚለው ከዚያ በፊትም መጻሕፍት ውስጥ የነበረ ነው። የተቀረው ሰዎች ደረሰብን ያሉት ነው። የጠፈሩም ጽሑፍ እንዲሁ ነው። ተሠርቶ የበረረ ሞተር መግለጫ የለበትም፤ ቀመሩ እውነት ሆኖ ቢገኝ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈጅ የሚያሰላ ወረቀት ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት አቁሙ የሚልስ? ገጹን ሁሉ እሱ ራሱ ፈለገ፤ አንድ መስመር የለም።

ስለ ሳተላይታችንም አወራን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው ካሜራዋ መሬት ላይ 13.7 ሜትር በ13.7 ሜትር የሆነን ቦታ እንደ አንድ ነጥብ ነበር የምታየው። የእነሱ ቤት ከነጓሮው አንድ ነጥብ አይሞላም። ፎቶ የምታነሳው ከመሬት በሚመለሰው የፀሐይ ብርሃን ነበር፤ የምትልከው ሬዲዮ እንጦጦ ያለው ጣቢያ በትልቅ ሰሃን ለቃቅሞ የሚሰማው ነበር። በሳምንቱ የጣላት ግን እውነት ነው፤ አልካድኩትም። በዚያው ሳምንት አገሪቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የጣላቸው ስንት ናቸው፣ ሳተላይቷ ከመምጠቋ በፊት ባለው ሳምንትስ? እሱ ራሱ ነው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ የጠየቀው።

እንግዲህ አምና ላይ ቀዶ ሐኪሙ ጓደኛችን አንድ ጥሩ ነገር ብሎ ነበር፣ ማንም ሳይሰማው አለፈ እንጂ። «የማይታተመውም ይናገራል» አለ። ልክ ነው። በ1942 ጆርጂ ፍልዮሮቭ የሚባል ወጣት የሶቪየት የፊዚክስ ባለሙያ፣ ጦር ሠራዊት ውስጥ ሳለ፣ የውጭ መጽሔቶችን ሲያገላብጥ ስለ ዩራንየም የሚጻፈው ነገር ጭራሽ መጥፋቱን አየ። ስማቸው በየወሩ የሚወጣ ታላላቅ ሰዎች ድምፃቸው ጠፋ። ለስታሊን ጻፈ፤ አሜሪካኖች ቦምብ እየሠሩ ነው አለ። እየሠሩ ነበር። ስለዚህ ዝምታ ማስረጃ አይሆንም የሚል ካለ ተሳስቷል።

ግን ፍልዮሮቭ ምን እንደነበረው ተመልከቱ። ቀድሞ ምን ያህል ድምፅ እንደነበረ ያውቃል፤ የሙያው ሰው ነው፣ በ1940 እሱ ራሱ በዚያው ጉዳይ ግኝት አሳትሟል። ወረዳ ላይ የሠራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። በየሳምንቱ የወባ ሪፖርት የሚልክ ጤና ኬላ «ዜሮ» ብሎ ሲልክና ጭራሽ ሳይልክ ሲቀር አንድ አይደለም። ሁልጊዜ አርባ የሚልከው በመስከረም ዜሮ ካለ የመመርመሪያ ኪቱ አልቆበት እንደሆነ ትደውላላችሁ። ከመጀመሪያውም ልኮ የማያውቅ ኬላ ሳይልክ ቢቀር ግን ወረርሽኝ ተደበቀ አትሉም። ስለማናውቀው መስክ ዝምታውን መስማት አንችልም፤ ድምፁን ሰምተነው አናውቅማ።

ምስጢርን ከውጭ ሆኖ ማግኘትም ይቻላል፣ ያውም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ። እንግሊዝ አገር፣ ኬተሪንግ ከተማ፣ ጄፍሪ ፔሪ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር በተራ ሬዲዮ የሶቪየት ሳተላይቶችን ያዳምጥ ነበር። በ1966 አንዷ የምትዞርበት መስመር ከሚታወቀው የማምጠቂያ ቦታ ጋር አልገጥም አላቸው። ወደ ኋላ ሲያሰሉት ከሰሜን፣ ከፕሌሴትስክ አካባቢ የተነሳች ሆነች። እዚያ የማምጠቂያ ቦታ መኖሩን ዓለም አወቀ፤ ሶቪየቶች ራሳቸው ያመኑት በ1983 ነው። እነዚህ ልጆች የማንንም ወረቀት በመስመሮቹ መካከል አላነበቡም። ሰዓት ይዘው ለኩ፣ ሌላ ሰውም ሬዲዮ ይዞ ያንኑ ሊለካ ይችል ነበር።

አባዬም ሬዲዮ አልነበረውም እንጂ ከእነሱ ወገን ነበር። ሰሃኑ ሲዞር አይቻለሁ፣ የጋሪውን የነገሩኝ ናቸው ይል ነበር። ከዚያ አልፎ አያውቅም። «አሜሪካኖች ጨረቃ ላይ ከተማ አላቸው» አላለንም።

የአምናዎቹ ሁለት ተከራካሪዎች እዚያ ጥግ አብረው ተቀምጠው አያለሁ፤ ታርቀዋል ማለት ነው። ለቀዶ ሐኪሙ፦ የተደበቀ ነገር መኖሩን አልክድህም፤ ከእነዚህ 38 ወረቀቶች ውስጥ ግን አይወጣልህም። በመጋቢት 2024 የአሜሪካ መከላከያ ራሱ ባወጣው የታሪክ ሪፖርት ከሌላ ዓለም የመጣ ቴክኖሎጂ ስለመኖሩ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። «እነሱማ ምን ይበሉ?» ትለኛለህ፤ ቃኘውን ለነገርኩህ ለእኔ ይህን ማለት መብትህ ነው። ብቻ ምን ቢያሳዩህ ሐሳብህን ትቀይር እንደነበር እራት ላይ ንገረኝ። ለውስጥ ደዌው፦ «ወሬ ነው» ከማለትህ በፊት ስልኩን ተቀበለውና እይ።

የአባዬን ካርድ ለማስተካከል ካረፈ በኋላ ተኝቶበት የነበረው ቦታ ሄጄ ነበር። መዝገብ ክፍሉ ያለችው ልጅ በትሕትና ፈለገችልኝ፤ የሞቱ ሰዎች ካርድ ከተወሰነ ዓመት በኋላ ይወገዳል አለችኝ። ምን ልጽፍበት እንደነበር ጠየቀችኝ። «ሰሃኑ ነበረ» አልኳት። አልገባትም፣ ግን አንገቷን ነቀነቀችልኝ።

መምህርቷ በግራ እጇ መጻፍ ተለማምዳ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች፤ ፌኖዋን ትወስዳለች፣ ከጣላት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ወንድሟ ተመርቋል። አሁንም ቀጠሮ ሲደርስ አብሯት ይመጣል፣ አሁንም ወረቀት ያመጣል። ባለፈው ያመጣው ስለ ፕላዝማ ሞተር ነው፣ የአሜሪካ አየር ኃይል ያስጠናው፣ 64 ገጽ። «ይሄኛውስ ዶክተር?» አለኝ። አላነበብኩትም፣ ለቀጠሮህ አነበዋለሁ አልኩት። ቀጠሮው የፊታችን ሐሙስ ነው፤ ገጽ 23 ላይ ደርሻለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፊዚክስ የማይረሳ ሰው ካለ ከሻይ በኋላ ይፈለጋል።